አራት ሰዓት ላይ የሚደክመው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት የንግድ ፈቃዴን ላሳድስ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ወረፋ ይዤ ነበር። ወረፋ አልወድም። መቆም አልወድም፣ መቀመጥም አልወድም፤ እናቴ "አንቺን የወለድኩሽ ባቡር ላይ ነው እንዴ?" የምትለኝ በከንቱ አይደለም። ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሯል። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር ይዞራል እንጂ ነፋሱ እኛ ጋ አይደርስም። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታችውና "ቆሟል፤ ጠብቁ" አለች። ጠበቅን። ከዚያ አጠገቧ ወዳለችው ዞር ብላ፣ "ትናንት ከሰዓት ያቺ ልጅ ተቀምጣበት ነው እንዲህ የሆነው። ምን እንደምትጭንበት እንጃ! እኔ ስገባ ጠዋት ደህና ነበር" አለቻት።

ጆሮዬ ቆመ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ከአሥር ዓመት በፊት፣ ከዚያ መሥሪያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ እኔው ራሴ ሰው ፊት ተናግሬዋለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ሁለት ቀን አለቀስኩ፤ በሦስተኛው ቀን ማልቀሱ ራሱ ሰለቸኝ። እናቴ "ቤት ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምትቧጭሪ" ብላ ድሮ ጎረቤታችን ወደነበረው ወደ ጋሽ ሳሊም ወሰደችኝ። ጋሽ ሳሊም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፎቹ ከላይ ተገጣጥመው መንገዱን በሚያጠሉበት በኩል፣ ካረጀ ቪላ የፊት ክፍል ተከራይቶ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ ነበረው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶኮፒ ማሽን። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ የሠርግ ካርድ እናትማለን፣ ግንቦት ሲገባ ደግሞ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ይጎርፍልናል።

እናቴ ባዶ እጇን ሄዳ ልጅ ማስቀጠር አይሆንላትም። ጾሙን ሙሉ ተቀምጣ ትልቅ ነጭ ዳንቴል ሠራች፤ ማዕዘኖቹ ላይ ጽጌረዳ አለው፣ ዳርዳሩ ዘርፍ አለው። እንዳይልፈሰፈስ በስኳር ውሃ ነክራ ተኮሰችው፤ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ቆመ። በእኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ሳይቀር ለብሷል። ጋሽ ሳሊም በሁለት እጁ ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ "አንቺ! ይሄ የሙሽራ እንጂ የሱቅ ዕቃ ነው?" አላት። ከዚያ እዚያው እያየነው ለኮምፒውተሩ ሳጥን አለበሰው። እናቴ ደስ ሲላት ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ነከሰች። የመጀመሪያ ሥራዬም እሱ ሆነ፤ ማታ ስዘጋ ሳጥኑን አለብሰዋለሁ፣ ጠዋት ስከፍት ማብሪያው ያለበትን ፊቱን ገልጬ ትርፉን ወደ ኋላ እጥለዋለሁ። በየቀኑ። እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ።

ሱቁ ውስጥ ከእኔ በፊት ሐያት ነበረች። በዕድሜ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ በሥራው ሦስት ዓመት። ከከተማው ወጣ ካለችው ከመልካ ጀብዱ በሚኒባስ ትመጣለች። ኪቦርዱን ሳታይ ትጽፋለች፤ እጇ እየጻፈ አፏ ከአንዱ ገበሬ ጋር በኦሮምኛ፣ ከአንዷ ነጋዴ ጋር በሶማሊኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ይጫወታል። አንገቷ ላይ በቀይ ክር ያንጠለጠለችው ፍላሽ አላት፤ ዘፈን የሞላው። እሱን ሳትሰካ ሥራ አትጀምርም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጋ እየሰማች ትጽፋለች። መጻፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቀናሁባት ወይ? አዎ ቀናሁባት። አሁን ምን ያስደብቀኛል።

ሥራችን እንዲህ ነበር። እኔ ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እከፍትና ኮምፒውተሩ ላይ እቀመጣለሁ። ሐያት እናቷን በወተት ሥራ ረድታ አራት ሰዓት ላይ ትደርሳለች፤ ወንበሩን እለቅላትና ወደ ፎቶኮፒው እሄዳለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ እንዘጋለን። በዚያ ወቅት ድሬ ላይ በቀትር ሥራ የሚሠራ ፀሐይ ብቻ ነው፤ ሰው ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። አሥር ሰዓት ገደማ እንደገና ስንከፍት እስከ ምሽት ኮምፒውተሩ የሐያት ነው።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ኮምፒውተሩ መድከም ጀመረ። ሐያት አንድ መስመር ጽፋ ትጨርስና ፊደሎቹ ከኋላ ከኋላ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ አረጋዊ ደረጃ ይወጣሉ። ፋይል ክፈት ስትለው ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ውስጡ ያለው ማቀዝቀዣ ፋን ደግሞ ዳገት እንደያዘ ሲኖትራክ ይጮሃል። ደንበኛው መጀመሪያ ሳቀ።

"ኧረ ተዉት፣ በርጫ ላይ ነው!" ይላል አንዱ።

"መርቅኖ ነው፤ ዝም ስትሉት ራሱ ይናገራል" ይላል ሌላው።

በሁለተኛው ሳምንት መሳቁን ተዉና ወደሌላ ሱቅ መሄድ ጀመሩ።

የትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህራችን "ሲቆም አትደብድቡት፤ ማን እየበላው እንደሆነ ጠይቁት" ይለን ነበር። እኛ ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ነው የምንለው፤ እሱ ግን ሲፒዩ ማለት ውስጥ የተቀመጠችው አሳቢዋ ብቻ ናት፣ ሌላው ቤቷ ነው ይል ነበር። እና አንድ ቀን ሐያትን አስነስቼ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊትን አንድ ላይ ተጫንኩና ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። የሲፒዩው ቁጥር መቶ ላይ ተገትሯል። የዓምዱን ራስ ስጫነው ብዙ የሚበሉት ወደ ላይ ወጡ። ሁለት አንቲቫይረስ! ታይዋን ከምንለው ገበያ የመጣ አንድ ቴክኒሻን አንዱን ጭኗል፤ ሌላው መጥቶ የመጀመሪያውን ሳያነሳ የራሱን ጭኗል። አንድ በር ላይ የቆሙ ሁለት ዘበኞች ቀኑን ሙሉ "መታወቂያህን አሳየኝ" ይባባላሉ። አንዱን አጠፋሁ። ሲከፈት አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞችም ቀነስኩ። በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ እንደ ፈረስ ሮጠ። ጋሽ ሳሊም "ኢንጂነር" ብሎ ጠራኝ፤ እኔም አላስተባበልኩም።

አራት ሰዓት ሆነ፣ ሐያት መጣች፣ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ደከመ።

እንግዲህ ይህን አስቡት። ጠዋት እኔ ስሠራበት ይሮጣል። እሷ ስትቀመጥ ይሞታል። ታስክ ማናጀሩን ስከፍት ከመጻፊያው ቀጥሎ የሚበላው የዘፈኗ ማጫወቻ ነው። እኔ ነገር ለማመን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ስንከፍት ደግሞ በሐያት እጅም፣ ዘፈኑም እየዘፈነ፣ ለጥቂት ጊዜ በደንብ ይሮጥ ነበር። ይህን አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ቀን ነው። ሱቁ ሙሉ ነው። አንድ ተማሪ ጽሑፉን ከስድስት ሰዓት በፊት ማስረከብ አለበት፤ አንድ ሽማግሌ የወሰን ክርክር አቤቱታ ይዘው ተቀምጠዋል። ገጹ አልታተም አለ። ተማሪው ላብ በላብ ሆኗል።

"ምን ሆነ አሁን ይሄ?" አለ ጋሽ ሳሊም።

"ሐያትን ጠይቃት" አልኩት። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይበረክትም፤ ጋሼም አንተ ነው።) "በእኔ እጅ ይሮጣል፣ በእሷ እጅ ይሞታል። ዘፈኗ ነው የሚገድለው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አይቻለሁ።"

ሐያት ዞር አለች። "አቦ፣ ዘፈን ነው እንጂ ድንጋይ አልጫንኩበት! ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዘፍንልኝ ኖሯል እኮ።"

"ያኔ አዲስ ነበር።"

"ያኔ አንቺም አልነበርሽም።"

ሰው ሳቀ። እኔ ሲሳቅብኝ አልችልም። ታስክ ማናጀሩን ከፍቼ ስክሪኑን ወደ ሕዝቡ አዞርኩና የማጫወቻውን ስም በጣቴ አሳየሁ። "ይኸው! እኔ ነኝ የፈጠርኩት?"

ተማሪው የራሱን ፍላሽ ነቅሎ ሮጠ። ሽማግሌውም ወረቀታቸውን አጥፈው ተነሡ። ጋሽ ሳሊም መጥፎ ሰው አይደለም፤ ግን በሩን አልፎ የሚሄደውን ደንበኛ ሲያይ የሰነበተ ሰው ነው። ግንባሩን ጠረገና ቀስ ብሎ፣ "ሐያት፣ ልጄ፣ ለጊዜው እረፊ። ስጠራሽ ትመጫለሽ" አለ።

"ስጠራሽ ትመጫለሽ" ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም።

ሐያት አልጮኸችም። ፍላሹን ነቅላ ክሩን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ወጣች። ከበሩ ላይ ተመለሰችና ወደኔ ሳታይ፣ "የፕሪንተሩ ቀለም ሊያልቅ ነው፤ እንዳትረሺ" አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሱቁን ብቻዬን ከፈትኩ፤ ጋሽ ሳሊም ዓርብ የሚመጣው ከሰዓት ነው። ዳንቴሉን ገልጬ ወደ ኋላ ጣልኩ። ወንበሩ የእኔ ሆነ፣ እስከ ስድስት ሰዓት። የትናንቱ ሽማግሌ አቤቱታቸውን ይዘው ተመልሰው ስለነበር እሱን መጻፍ ጀመርኩ፤ እጄ ይሮጣል፣ ማሽኑ ይሮጣል። ለራሴ "አየሽ?" አልኩ። አንዲት ሴት ደብዳቤ አስጻፉኝ፣ ቀጥሎ አንድ ወጣት የሥራ ማመልከቻ። ፀሐይዋ በዛፎቹ መሐል ሾልካ ደጃፉ ላይ ደረሰች።

አራት ሰዓት ሲያልፍ ፊደሎቹ ወደ ኋላ መቅረት ጀመሩ።

ሐያት የለችም። ዘፈን የለም። ፋኑ ዳገቱን ተያያዘው። ታስክ ማናጀሩን ከፈትኩ፤ መቶ። የሚበላው ማነው? መጻፊያው ብቻ። አንድ ገጽ ማመልከቻ መቶ ፐርሰንት ይበላል? ሁሉንም ዘጋሁ፣ አጥፍቼ አበራሁ፤ ለማብራት ራሱ ስንት ደቂቃ ፈጀበት። ወጣቱ "እህቴ፣ ሐያት የለችም እንዴ ዛሬ?" አለኝ። 

ያኔ ነው የሞቀ ስኳር የሸተተኝ። ሽታው አዲስ አልነበረም፤ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ሰዓት ይሸተኝ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሙሸበክ የምትጠብስ ሴት አለች፤ ያን በስኳር ሽሮፕ የራሰ፣ እንደ መረብ የተጠላለፈ ጣፋጭ። የእሷ መጥበሻ ነው እያልኩ ምራቄን ስውጥ ሰንብቻለሁ። ዛሬ ግን ዓርብ ነው። ሴትየዋ ዓርብ ከጁምዓ በፊት አትወጣም። ማዶ አየሁ፤ ባዶ ነው።

አፍንጫዬን ተከትዬ ሄድኩ። የእናቴ ዳንቴል ጋ ስደርስ ቆምኩ።

እጄን ከሳጥኑ ጀርባ፣ ከዳንቴሉ ሥር አስገባሁ። ዳቦ ቤት እጅ እንደማስገባት ነው። ዳንቴሉን አነሣሁት፤ የፋኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራና በነጭ ክር ብናኝ ተደፍኖ ብርድ ልብስ መስሏል። በየጠዋቱ፣ በገዛ እጄ፣ በጥንቃቄ እያስተካከልኩ አፉን ሳፍነው ኖሬያለሁ። አጠፋሁት። ፎቶኮፒውን በምንጠርግበት ብሩሽ ጠረግሁት፣ ከግድግዳው አራቅሁት፣ እስኪበርድ ጠብቄ ራቁቱን አበራሁት። ቁጥሩ ወረደ። ሰባ። አርባ። አሥራ ሁለት። ወጣቱ "ኢንጂነር!" ብሎ አጨበጨበ። ሊያስለቅሰኝ ነበር።

ነገሩ ኋላ ላይ ነው በደንብ የገባኝ። ያቺ አሳቢ ሲሞቃት እንዳትቃጠል ብላ ሥራዋን ቀስ ታደርጋለች፤ ቀስ ስትል ደግሞ ትንሹም ሥራ ይከብዳትና አቅሟን ሁሉ ይጨርሳል። ጠዋት ስለሚቀዘቅዝ ትሮጣለች፣ አራት ሰዓት ላይ ይብስባታል፣ ከቀትር እረፍት በኋላ ቀዝቅዛ ትነሣለች፣ ከዚያ እንደገና። ይህን ለድሬ ሰው ማን ያስተምረዋል? ከተማው በሙሉ ስድስት ሰዓት ላይ በሩን ዘግቶ የሚተኛው ለምን ሆነና? እኛ ራሳችን የምናደርገውን ማሽኑ ሲያደርገው ጥፋተኛ ፈለግን።

ከዚያ እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ ነው የሚያሳፍረኝ። ምክንያቱም አሰብኩ። ኮምፒውተሩ ተስተካክሏል። ማንም አላወቀም። ዝም ብል ወንበሩ የእኔ ነው፣ የእናቴም ስም አይነሣም፤ ሐያት ጎበዝ ናት፣ ሌላ ቦታ ታገኛለች። ይህን ሁሉ እያሰብኩ የወጣቱን ማመልከቻ ጨረስኩ። ላትም ስል ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሻለሁ አለ።

ሱቁን ዘግቼ ዳንቴሉን በፌስታል አጣጥፌ የመልካ ጀብዱን ሚኒባስ ያዝኩ።

በቀትር ወደ መልካ ጀብዱ የሚሄድ ጤነኛ የለም። መስኮቱን ብትከፍቺው አሸዋ፣ ብትዘጊው ምድጃ። የጫኑ አይሱዙዎች አቧራቸውን ጥለውብን ያልፋሉ። ወርጄ ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። የሐያት እናት ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ሆነው "ኮቱ፣ ሴኒ" እያሉ በእጃቸው አስገቡኝ፤ ማን እንደሆንኩ አላወቁም ነበር። ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁ፤ ውርደቱም አብሮ ወረደ።

ሐያት ከቤት ወጣችና ቆማ አየችኝ። "ምነው፣ ቀለሙ አለቀ?"

"አለቀ" አልኩ። ከዚያ ፌስታሉን ከፍቼ ዳንቴሉን አወጣሁ፤ ጀርባው ጠቁሯል። "ዘፈንሽ አይደለም። ይሄ ነው። አፍኖት ነበር። እኔ ነኝ የማለብሰው።"

ዳንቴሉን ተቀብላ አሸተተችው። "ሙሸበክ ሙሸበክ ይላል።"

"በስኳር ነው የተተኮሰው።"

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። "ለጋሽ ሳሊም ነግረሽዋል?"

"ገና ነኝ። መጀመሪያ ለአንቺ..."

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ እንዳላጠፋሁ ድሮም አውቃለሁ። የማያውቀው እሱ ነው።" ዳንቴሉን መለሰችልኝ። "ሰው ሞልቶ ነው ያልሽው። ሰው ሲሞላ ንገሪው።"

እናቷ "ምን ተጣላችሁ?" ዓይነት ነገር በኦሮምኛ ጠየቋት። ሐያት አጭር መልስ ሰጠች። ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም፤ ብቻ እናቷ የጨረስኩትን ብርጭቆ አንሥተው ሁለተኛ ውሃ ቀዱልኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ሱቁ ሲከፈት ሰው እስኪሞላ ጠበቅሁ።  ዳንቴሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና "ጋሽ ሳሊም፣ ኮምፒውተሩን ያደከመችው ሐያት አይደለችም። እኔ ነኝ" አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰዓቱን፣ ሽታውን፣ ቀዳዳውን። አንዱ ደንበኛ "ልብስ የገደለው ኮምፒውተር!" ብሎ ፈነዳ። ጋሽ ሳሊም አልሳቀም። ዳንቴሉን በጣቱ ዳሰሰ።

"ያለበስኩት እኔ ነኝ" አለ፤ "ቆንጆ ነው ብዬ። ያቺን ልጅ ሦስት ዓመት አውቃታለሁ፣ ይሄን ቁጥር አንድ ቀን አየሁና እሱን አመንኩ። ወላሂ አፈርኩ።" ስልኩን አወጣ። "ሐያት? ስጠራሽ ትመጫለሽ ብዬሽ አልነበር? ይኸው ጠራሁሽ።"

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ሰላም ሳትለኝ ተቀመጠች፣ ፍላሹን ሰካች፣ ዘፈኑን ከፈተች፣ ቀጥላ ታስክ ማናጀሩን ከፈተችና የማጫወቻውን ቁጥር በጣቷ አሳየችኝ።

"አንብቢ።"

"ሦስት" አልኩ።

"ጮክ በይ፣ ሰው ይስማ!"

"ሦስት ፐርሰንት!"

ሱቁ ሳቀ። ለአንድ ሳምንት ከሥራ በቀር አላነጋገረችኝም። በስምንተኛው ቀን ሙሸበክ ገዝታ መጣችና ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ ፎቶኮፒው ላይ አስቀመጠችልኝ። ዛሬ የራሷ ጽሕፈት ቤት አላት። እስከ ዛሬ ስትደውልልኝ "ሦስት ፐርሰንት፣ እንዴት ነሽ?" ነው የምትለኝ።

እናቴ ግን ለመቀበል ብዙ አስቸገረች። "ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል?" አለች። "ልብስ ያነቀው ዕቃ ደግሞ የት አይተሻል?" ሁለት ቀን ተኮራርፈን፣ በሦስተኛው ቀን ዳንቴሉን አጥባ፣ የኋላውን ተርትራ፣ ልክ በቀዳዳው መጠን መስኮት ሠራችለት። የመስኮቱን ዳር በትናንሽ ጽጌረዳ ከበበችው። ጋሽ ሳሊም ኋላ ሱቁን ለሁልጊዜ ሲዘጋ ዳንቴሉን መለሰልኝ። አሁን ታይዋን ገበያ ውስጥ የሞባይል ቀፎ የምሸጥበት ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ገዢዎች መስኮቱን አይተው "ምን ቀደደው?" ይሉኛል።

አንዳንዴ ሳስበው የማላውቀውን በማለቴ አይደለም ያጠፋሁት። ቁጥሩን በትክክል አንብቤዋለሁ። ያጠፋሁት ቁጥሩ የምፈልገውን ነገር ሲነግረኝ በዚያው ስላቆምኩ ነው። ከዘፈኗ በፊት እሷን ነበር ጥፋተኛ ላደርጋት የፈለግሁት።

እና ባለፈው ሳምንት፣ ከወረፋው ወጥቼ ወደ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ተጠጋሁ። ወረፋ የያዙት አጉረመረሙ። በመስተዋቱ ሥር አጎንብሼ አየሁ፤ የልጅቷ ኮምፒውተር ሳጥን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከላይም ከኋላም የፋይል ክምር ተደግፎበታል።

"እህቴ፣" አልኳት፣ "የከሰዓቷን ልጅ ከመክሰስሽ በፊት እጅሽን ከኋላው አድርጊበት።"

"ቴክኒሻን ነሽ?"

"አይደለሁም። አንድ ጊዜ ሰው ከሥራ ያስባረርኩ ነኝ።"

ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ እጇን በፋይሎቹ መሐል አስገባችና ወዲያው መለሰችው።  ተነሥታ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረች። እኔም፣ ወረፋ የማልወደው ሰው፣ ወደ ቦታዬ ተመልሼ ቆሜ ጠበቅሁ።